ቀይ የለመደ ማድጋ

ነፋሱ ካለፈ አምስተኛው ቀን ነበር። ፌሊሳ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ አንድ ጎኑ በተናደው ጓዳዋ ውስጥ ቆማ፣ የቀራትን ተመለከተች። ማታ የዘፈዘፈችው ሩዝ በባልዲ ውስጥ አለ። እርጥበት ነክቶት የጓጎለ ቡናማ ስኳር አለ። ጨው አለ። ኮኮናትማ ሞልቷል፤ ነፋሱ ከየዛፉ አራግፎ ደጁን ሁሉ አልብሶታል። ከዚህ ሌላ ግን ምንም የለም። አሳማዋን ጎርፍ ወስዶታል፤ ዶሮዎቿ የት እንደ ደረሱ አይታወቅም፤ ሳህኖቿ ከነመደርደሪያቸው ወድቀው ደቅቀዋል፤ ባሕሩም ገና ስላልበረደ ዓሣ የሚያወጣ ሰው የለም። በደሴቲቱ ያለችው አንዲት ሱቅ ዱቄቷ ስለ ራሰ በሯን ዘግታለች።

በዚህ ነበር እንግዲህ ዛሬ ለልጇ ሚስት የምትጠይቀው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ትገፋው ነበር። አሁን ግን የሚገፋ ቀን የላትም። ልጇ የሚወዳትን መርሊንዳን ከልጅነቷ ጀምራ ያሳደገቻት አክስቷ ባሲሊያ፣ በዋና ከተማዋ በማኒላ አንድ ቤት ለሠራተኛነት አስቀጥራታለች። የምትሄድበት መርከብ መምጣት የነበረባት ነፋሱ በመጣበት ዕለት ነው። ትናንት በወደቡ ሬዲዮ እንደ ተሰማው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሞላ ትደርሳለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትመለሳለች። ባሲሊያም የፌሊሳን ልጅ ዳዶን በሰው መሐል ጠርታ ነገረችው። እናትህ መርከቧ ሳትሄድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ወጉ የበሰለ ይዛ ፊቴ ከቆመች እሰማታለሁ፤ ካልሆነ ልጄ ትሳፈራለች አለችው። 

እንደ ወጉ ማለት፣ የወንዱ ወገን የበሰለውን ሁሉ ይዞ መቅረብ ነው። የሴቷ ቤት ያን ቀን እሳት አያነድም። ሌላው ምግብ ቢጎድል እንኳ ቢቢንግካ አይጎድልም፤ ከላይና ከታች ፍም ተደርጎበት የሚጋገረው፣ መሐሉ እንደ ጉንጭ ያበጠው የሩዝ ዳቦ። ጠፍጣፋ ቢቢንግካ ይዞ ለጋብቻ የሄደ ቤተሰብ ስሙ ከደሴቲቱ አፍ አይወርድም።

ችግሩ እርሾው ነበር። በዚያ አገር የሩዝ ሊጥ ኩፍ የሚለው በነጭ የኮኮናት ጠጅ ነው። ጠጅ አውራጁ ዛፉ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ያልፈነዳውን አበባ ይቆርጠዋል፤ ፈሳሹ ሌሊቱን በቀርከሃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ሲያወርዱት በራሱ እየፈላ ነው። ለመጠጥ የሚፈልጉት የዛፍ ቅርፊት ይጨምሩበታል። ቅርፊቱ ያቀላዋል፣ መረር ያደርገዋል፣ መፍላቱንም ስለሚያበርደው ወር ቢቀመጥ አይበላሽም። ለዳቦ ግን ቅርፊት የነካው ጠጅ አይሆንም። ይህን እዚያ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ነፋሱ የኮኮናቶቹን አናት ሰብሮ ግንዱን ብቻ ትቶታል። አበባው በአናቱ ላይ የተረፈ ዛፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቆመው ባሲሊያ ጓሮ ነው።

ፌሊሳ ገና ሳይነጋ ዳዶን ወደ ጠጅ አውራጁ ወደ ማኖ ኢስላው ልካው ነበር። ማኖ ኢስላው ስልሳ ዓመት አልፎትም እንደ ዝንጀሮ ዛፍ የሚወጣ ሽማግሌ ነው። ልጁ ባዶ እጁን ተመለሰ። የጠዋቱ የባለዛፏ ነው፣ የእኔ የማታው ነው አለኝ አላት። እናትህ እስከ ማታ ከታገሠች ሙሉ ቀርከሃ እሰጣታለሁ፤ ካልታገሠች የባሲሊያን መንገድ ታውቀዋለች ብሏል።

መንገዱንስ ታውቀው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልሄደችበትም እንጂ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ አሳማ የፌሊሳን የስኳር ድንች ማሳ ጥግ ሳያስቀር ገለበጠው። ፌሊሳም በውሃ ጉድጓዱ ዳር፣ ሴቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ አሳማው የባሲሊያ ነው ብላ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። በሳምንቱ እውነቱን አወቀች። አሳማው የገዛ ዘመዷ፣ የሟች ባሏ እኅት የፓሲንግ ነበር። አወቀች፣ ግን አልተናገረችም። በመጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ጊዜው ረፍዷል አለች፤ ከዚያ በኋላ ባሲሊያን ከሩቅ ስታይ በሌላ በኩል መሄድ ለመደች።

አሁን ግን ሌላ በኩል የለም። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

የባሲሊያ ቤት በአራት ወፋፍራም ቋሚዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። የወንድ እናት ጋብቻ ከመጠየቋ በፊት በሴቷ ቤት መሰላል ላይ እግሯን አታሳርፍም፤ ስለዚህ ፌሊሳ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆመች። ባሲሊያ መሰላሉ አናት ላይ ተቀምጣ የታመመ ጉልበቷን ታሻለች። ከጎኗ በሰማያዊ የናይለን ገመድ ዙሪያውን የታሰረ ካርቶን ተቀምጧል። የልጅቱ ጓዝ መሆኑ ነው።

«ማናይ ባሲሊያ፣ እንዴት አደሩ» አለች ፌሊሳ፤ ማናይ ታላቅ እኅትን የሚጠሩበት ነው።

«እኛስ ጣሪያ አለን። አንቺ እንዴት አደርሽ?»

ፌሊሳ ደኅና መሆኗን ተናገረች። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ረጠበው የሱቅ ዱቄት ተነጋገሩ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም አላነሡትም። በመጨረሻ ፌሊሳ የመጣችበትን ተናገረች፤ አንድ ኩባያ ነጭ ጠጅ ፈልጋ ነው።

«ቅርፊት ያልገባበት?»

«ያልገባበት።»

«በጠዋት ነጭ ጠጅ የሚጠጣ ወይ ሰካራም ነው ወይ ጥርሱ ያለቀ ነው» አለች ባሲሊያ።

«ጥርሴ አለ።»

ባሲሊያ ሳቀች ለማለት ያስቸግራል፤ ብቻ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደ ውስጥ ተጣራች። መርሊንዳ በኮኮናት ቅል ጠጁን ሞልታ በመሰላሉ ወረደች፤ ዐይኗን ከቅሉ ላይ አላነሣችም። ስታቀብላት ቅሉ ዘንበል አለና ጥቂቱ በፌሊሳ እጅ አንጓ ላይ ፈሰሰ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ዳር ዳሩ ላይ አረፋው ይፍለቀለቃል። ሕያው ጠጅ ነው።

«ፀሐይ እንዳያገኘው» አለች ባሲሊያ ከላይ። ፌሊሳ አመስግና ዞር ስትል ድምፅዋን ሳትለውጥ ጨመረች። «ስለ ድንችሽ ደግሞ አታስቢ። አሳማዬን ባሕር ወስዶታል።»

ፌሊሳ ቅሉን በሙዝ ቅጠል ሸፍና፣ ጥላ ጥላውን ይዛ፣ እርምጃዋን እየቆጠበች ተመለሰች።

ዳዶ ከሩዙ ግማሹን በድንጋይ ወፍጮ ፈጭቶ ጠበቃት። ወፍጮው ከባድ ስለሆነ ግማሹ ገና በባልዲ ውስጥ ነበር፤ ሊጡ መነሣት ይጀምር፣ የቀረውን ቀስ ብለን እንጨምራለን ተባባሉ። ሊጥ የምታቦካበትን የእንጨት ገበቴ ነፋሱ ይዞት ሄዷል። ፌሊሳ ዙሪያዋን ቃኘችና ሳይሰበር የተረፈውን አንድ ማድጋ ከጥግ አወጣች። በአመድ አሸችው፣ በአሸዋ ፈተገችው፣ ሦስት ጊዜ በውሃ አለቀለቀችው። ሊጡን ገለበጠችበት፣ ነጩን ጠጅ ጨመረች፣ በእንጨት ማንኪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አማሰለችው። ከዚያ በቅጠል ሸፍና ከምድጃው አጠገብ፣ ሙቀቱ በማያቃጥልበት ቦታ አኖረችው።

ረፋዱ ላይ ፓሲንግ መጣች። ፓሲንግ ቤቷ ቢፈርስም ወሬዋ ያልፈረሰባት ሴት ናት። መፈቅፈቂያ ጥርስ በተሰካበት በርጩማ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተቀምጣ ኮኮናት እየፈቀፈቀች፣ የማን ጣሪያ በማን ማሳ ውስጥ እንደ ተገኘ፣ ማን ነፋስ ሲመጣ ከአማቱ በፊት ቴሌቪዥኑን እንዳወጣ ታወራለች። ዳዶን ታበሽቀዋለች። ዛሬ ካልሆነልህ ከኮኮናት ሌላ የምታቅፈው የለህም ትለዋለች። ዳዶ ፍም ለመሥራት የኮኮናት ቅል ይሰባብራል። ቀልዱ ደስ እንዳላለው እናቱ ታውቃለች። ትናንት በመርከብ ተከትያት እሄዳለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሯል፤ እሱ ሲናገር ደግሞ ለማስፈራራት አይደለም። መርሊንዳ ከሄደች እሱም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት የምትቀረው ፌሊሳ ብቻ ናት።

ቅጠሉን ገልጣ አየች። ሊጡ እንደ ተኛ ነው።

ገና ነው አለች ፓሲንግ። ፌሊሳም ገና ነው ብላ ሸፈነችው። ኮኮናቱን ጨምቃ ወተቱን አወጣች፤ የሙዝ ቅጠል በእሳት ላይ አለሰለሰች፤ ስኳሩን በድንጋይ ደቃችው። እንደገና ገለጠች። ጆሮዋን አስጠጋች። ኩፍ የሚል ሊጥ ድምፅ አለው፤ ዝናብ በሩቅ ቅጠል ላይ እንደሚዘንብ ያለ። ማድጋው ውስጥ ግን ምንም የለም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሊጡ ጠዋት ከነበረበት ምልክት አንዲት ጣት አልተነሣም። ፓሲንግ ከበርጩማዋ ተነሥታ አጎንብሳ አሸተተችው።

«የሞተ ጠጅ ነው የሰጠችሽ» አለች።

«ሲፈላ አይቼዋለሁ።»

«የቅርፊት ውሃ ጠብ አድርጋበት ይሆናል። ምን ይታወቃል? ልጅቱን መላክ ፈልጋለች። እምቢ ብላ ስሟን ከምታጠፋ፣ አንቺ ጠፍጣፋ ይዘሽ ቀርበሽ ሰው እንዲስቅብሽ ታደርጋለች።»

ፌሊሳ አላስቆመቻትም። ፓሲንግ ባልዲዋን አንሥታ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ውሃ ለመቅዳት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። ጉድጓዱ የባሲሊያ አጥር አጠገብ ነው።

ፌሊሳ ምድጃው ፊት ቁጢጥ አለች። ደረቷ ውስጥ የሚነድደው ነገር ቁጣ ነበር፤ ቁጣው ደግሞ የሚያሞቅ ነበር። የአሳማው ነገር ከአራት ዓመት በኋላ መከፈሉ ነው። ያቺ ሴት ከመሰላሏ አናት ላይ ተቀምጣ እያየቻት በፈገግታ ሰጠቻት። እጇን ወደ ማድጋው ሰደደች፤ ሊጡን ልትደፋው ነበር።

«እማ» አለ ዳዶ ከበስተኋላዋ። «ይሄ የአባዬ ማድጋ አይደል?»

እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ሊጡ የማድጋውን ግድግዳ በነካበት ዙሪያ ቀጭን ክር የምታህል መስመር ነበረች። ቀይ አይደለችም፤ ጠይም ሮዝ ነገር ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ሃያ ዓመት ቀዩን ጠጅ ያጠራቀመው በዚህ ማድጋ ነው። ሸክላ የጠጣውን አይተፋም። አመድ ላዩን ያጥበዋል እንጂ ቅርፊቱ ከሆዱ አይወጣም። የባሏ እናት ቀይ የለመደ ማድጋ ለሊጥ አይሆንም እያለች ስንት ጊዜ ነግራታለች። ታውቅ ነበር። ገበቴው ሲጠፋ፣ ቀኑ ሲያጥር፣ እጇ ያገኘውን ያዘ፣ የምታውቀውም ከራሷ ወጣ።

ባሲሊያ የሰጠቻት ጠጅ ሕያው ነበር። የገደለችው እሷ ናት።

ዳዶም ከጎኗ አጎነበሰ። መስመሯን አይቷታል፤ እናቱንም ያያል። ፌሊሳ ለጥቂት ጊዜ ማድጋውን አቅፋ ተቀመጠች። ሊጡን ደፍታ ማድጋውን ብታጥበው የሚያውቅ የለም። ፓሲንግ አሁን ጉድጓዱ ዳር ናት፤ እስካሁን ግማሹ መንደር ባሲሊያ እርሾ ገደለች እያለ ነው። ልጅቱ ትሄዳለች፣ ልጇም ይሄዳል፣ ጥፋቱ ግን በሌላ ሰው ስም ይቀመጣል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም ማለትን ደግሞ አራት ዓመት ተለማምዳዋለች።

«የቀረውን ሩዝ ፍጨው» አለችው ልጇን። «በባልዲው ውስጥ ተወው። ማድጋው እንዳይነካው።»

ማድጋውን ከነሊጡ ተሸክማ ወጣች።

ጉድጓዱ ዳር ስድስት ሰባት ሴቶች ነበሩ። ፓሲንግ መሐል ቆማ በእጇ ጭምር እያወራች ነው፤ ባልዲዋ ገና ባዶ ነው። ባሲሊያ ከአጥሯ ውስጥ ቆማለች፤ አልቀረበችም፣ አልራቀችም። ፊቷ ግን ደም አልነበረበትም። መርሊንዳ ከኋላዋ መሰላሉን ይዛለች። ፌሊሳ ስትደርስ ወሬው ቆመ። ሴቶቹ ማድጋውን ሲያዩ፣ ማስረጃ ይዛ መጣች ብለው መንገድ ለቀቁላት።

ፌሊሳ ማድጋውን በጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠችና ቅጠሉን ገፈፈች።

«ተመልከቱት» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ማድጋው የባሌ ነው። የቀይ ጠጅ ማድጋ ነው። ማናይ ባሲሊያ የሰጡኝ ጠጅ ደኅና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አንዷ ሴት አጎንብሳ ጠርዙን በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አየችና ለጎረቤቷ አሳየቻት። ፓሲንግ ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ፣ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት ማለት ጀመረች። ፌሊሳ አልሰማቻትም። አንገቷ ድረስ ግላለች። አሁን ካልተናገረችው ሌላ ጊዜ እንደማትናገረው ገባት።

«አሳማውም የእርስዎ አልነበረም» አለች።

ባሲሊያ ቅንድቧን አነሣች።

«በሳምንቱ ነው ያወቅሁት። አራት ዓመት ሙሉ አውቄ ዝም አልኩ።»

«የማን ነበር ታዲያ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ።

ፌሊሳ ስም አልጠራችም። ፓሲንግ ግን ባልዲዋን ወደ ጉድጓዱ ስትለቅ ገመዱ ከእጇ አምልጦ ባልዲው ቁልቁል ሄደ፤ ሴቶቹም ያን አይተው የሚበቃቸውን ያህል ተረዱ። የሆነ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።

ባሲሊያ አልሳቀችም። አጥሩን ከፍታ እያነከሰች ወጣች። ማድጋውን አየች፣ ፌሊሳን አየች፣ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

«ስንት ሩዝ ቀረሽ?» አለች።

«ለስምንት ዳቦ ካሰብኩት ግማሹ። አራት ዳቦ ይወጣዋል።»

«መቼ ይነሣል?»

አሁን ጠጅ ቢያገኝ፣ ምድጃ አጠገብ ቢቀመጥ፣ መርከቧ በምትደርስበት ሰዓት ግድም እንደሚነሣ ፌሊሳ ተናገረች። ከዚያ መጋገሪያው አለ። ሰዓቱ እንደማይበቃ ሁለቱም ገባቸው።

ባሲሊያ ከጠዋቱ የተረፈውን ጠጅ እንድታመጣ መርሊንዳን ላከቻት። ልጅቱ ስትሮጥ፣ «ካርቶንሽንም» ብላ ጨመረችባት። ፌሊሳ ልጅቱ መሄዷ ነው ብላ አሰበች። ባሲሊያ ግን ከራሷ ጋር እንደምታወራ አድርጋ፣ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ በአንቺ ደጅ አይደል የሚያልፈው አለች። የወንድ እናት በሴት ቤት መሰላል ላይ አትወጣም እንጂ፣ እኔ አንቺ ግቢ እንዳልገባ የከለከለ የለም። ያንን ጠጅ ሁለተኛ ስትገድዪው ቁጭ ብዬ አልሰማም።

ግቢው ሲደርሱ ዳዶ ሩዙን ፈጭቶ ጨርሷል። መርሊንዳን ሲያይ ተነሣ፤ የሚያደርገው ስላጣ መልሶ ተቀመጠ። ባሲሊያ ባልዲውን አሽትታ፣ በጣቷ ዳሩን አብሳ፣ እሺ አለች። ጠጁን ራሷ አፈሰሰችው። ፌሊሳ አማሰለችው። ከዚያ ባሲሊያ የምትቀመጥበት ስታጣ ካርቶኑን ወደ ጥላ እንዲጎትቱላት አደረገችና ጉልበቷን ዘርግታ ተቀመጠችበት።

ጠበቁ።  ፓሲንግ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ጊዜ አለፈች፤ በሦስተኛው ገባችና ሳትጠየቅ የእሳት ቅሉን መስበር ያዘች። ፌሊሳ በየጊዜው ጆሮዋን ወደ ባልዲው ታስጠጋለች። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። በኋላ አንዲት አረፋ ወጥታ ፈነዳች። ቀጥላ ሌላዋ። ቀና ስትል ባሲሊያ እያየቻት ነበር።

የመርከቧ ጥሩምባ መጀመሪያ የተሰማው ሊጡ መጀመሪያ ከነበረበት በሦስት ጣት ከፍ ብሎ ሳለ ነው። ገና ሁለት ጣት ይቀረው ነበር።

መርሊንዳ ተነሥታ ቆመች። ዳዶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። በመንገዱ ላይ ጓዝ የተሸከሙ ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። ፌሊሳ ስኳሩን፣ ጨውን፣ የኮኮናቱን ወተት ጨመረች፤ በችኮላ ስለነበር የጨመረችው ጨው መጠኑ ስንት እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ሊጡን ቅጠል በተነጠፈባቸው አራት ቆርቆሮዎች ላይ አፈሰሰች፣ ፍሙ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ከላይ ዝርግ ቆርቆሮ ከድና ሌላ ፍም ደፋችበት።  

ቢቢንግካ እስኪበስል ድረስ አይገለጥም። ብርድ ከነካው ባለበት ይወድቃል። ይህንንም ሁሉም ያውቀዋል።

ጥሩምባው ሁለተኛ ተነፋ። ሁለተኛው ለመጨረሻ ተሳፋሪዎች ነው። ከመንገዱ አንድ ሰው መርሊንዳ ሆይ፣ የመርከቧን መሰላል እያነሡ ነው ብሎ ተጣርቶ አለፈ። ልጅቱ አክስቷን አየች። ካርቶኑ ያለው አክስቷ ሥር ነው።

ባሲሊያ አልተነሣችም። ዐይኗን ከፍሙ አላነሣችም።

«ከላይ በግራ በኩል ፍሙ ሳስቷል» አለች።

ዳዶ በመቆንጠጫ ፍም ጨመረ። ሽታው መጣ፤ በመጀመሪያ የቅጠሉ፣ ከዚያ የስኳሩ፣ በመጨረሻ የኮኮናቱ። ፌሊሳ በልቧ እየቆጠረች ነበር፤ ስንት ላይ እንደ ደረሰች ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። ከወደቡ በኩል የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ቦታ ተንደቀደቀ፣ ከዚያ እየራቀ እየራቀ ሄደ። መርሊንዳ ምድጃው አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። 

ፌሊሳ ቆርቆሮውን አነሣች።

ሦስቱ በአንድ ጎን ብቻ አብጠው በሌላው ጎን ተኝተዋል። አራተኛው፣ ፍም የተጨመረበት፣ መሐሉ ተነሥቶ አናቱ ተሰንጥቋል። ፌሊሳ ያንን መርጣ በአዲስ ቅጠል ላይ አደረገችው። ግቢዋን ተሻግራ፣ ካርቶኑ ላይ የተቀመጠችው ሴት ፊት ቆመች። የሚባለውን ቃል ታውቀው ነበር፤ ረጅም ነው፣ ስለ ሁለት ቤትና ስለ አንድ ምድጃ ያወራል። አንዱም አልመጣላትም።

«ማናይ» አለች፣ «ልጅዎን ለልጄ ልጠይቅ መጥቻለሁ። ያለኝ ይህ ነው።»

ባሲሊያ ዳቦውን ተቀብላ ቆረሰች። እፍ እፍ አለችበት። ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዋጠች፤ ሌላ ቆረሰች። 

«ጨው በዝቶበታል» አለች ባሲሊያ።

ከዚያ በጉልበቷ ሕመም እያቃሰተች ከካርቶኑ ላይ ተነሣች።

«መርሊንዳ፣ ገመዱን ፍቺው። ሳህን ከውስጥ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚበሉበት የላቸውም።»

ልጅቱ ተንበርክካ ቋጠሮውን በጥፍሯ ያዘችው። ከአምስት ቀን በፊት ለባሕር ጉዞ ተብሎ የጠበቀ ነበርና አልላላ አላት። ዳዶ የኮኮናት መቁረጫውን ይዞ ከተፍ አለ።

«አትቁረጠው» አለች ባሲሊያ። «ገመዱ ያገለግላል።»

ዳዶ መቁረጫውን አስቀምጦ ከመርሊንዳ ጎን ተንበረከከና ከሌላው ወገን መፍታት ጀመረ።